ሞተር፣ ባትሪና ፕሮፔለር ለሪሞት የሩጫ ጀልባ፦ በሀዋሳ ሐይቅ ለሚነዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከ45 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ርዝመት ላላቸው፣ በብሩሽለስ (ብሩሽ በሌለው) ሞተርና በሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ለሚሠሩ የሩጫ ጀልባዎች ናቸው። ሒሳቡ የትም ቦታ ያው ነው። የሐይቁን ውሃ፣ ነፋስና መረብ የሚመለከተው ግን ለሀዋሳ ታስቦ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው የቱ ነው? ሞተሩ፣ ባትሪው ወይስ ፕሮፔለሩ?

ከሦስቱ አንዱም አይደለም። መጀመሪያ ቀፎው ይታወቅ፦ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ ባለ አንድ ሆድ ሞኖ ወይም ባለ መንታ ሆድ ካታማራን መሆኑ። ቀጥሎ የባትሪው ቮልት ይወሰናል፤ ከዚያ ለቮልቱ የሚስማማ የሞተር ኬቪ፣ ከዚያ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰሌዳ)፣ በመጨረሻ ፕሮፔለሩ። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከሞተር ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞለት የመጣ ሞተር ይኖርና የቀረው ሁሉ በእሱ ልክ ይሰፋል።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዝ። ሞተሩ ላይ «120 አምፔር» ተብሎ የተጻፈው ሞተሩ የሚችለውን እንጂ የሚስበውን አይናገርም። የሚስበውን የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። ያው ሞተር፣ ያው ባትሪ በ38 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ለብ ብሎ ይመለሳል፤ በ45 ሚሊ ሜትር ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኢኤስሲውን ያጨሳል። የተቃጠለ ኢኤስሲ ደግሞ ሀዋሳ ላይ ሱቅ ወጥቶ የሚተካ ዕቃ አይደለም፤ ሌላው ከውጭ እስኪመጣ ጀልባው መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ስለዚህ ፕሮፔለር ሁልጊዜ ከትንሹ ይጀመራል።

ኬቪ ምንድን ነው? ትልቅ ኬቪ ማለት ጠንካራ ሞተር ማለት ነው?

አይደለም። ኬቪ ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው። 2,000 ኬቪ ሞተር በ14.8 ቮልት 29,600 ዙር ይዞራል። ፕሮፔለሩ ውሃ ሲይዝ ይህ ቁጥር ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ከፊል ክንፉ ከውሃ በላይ የሚዞር ፕሮፔለር ላለው ጀልባ ጥሩው መነሻ፣ ያለ ጭነት ሲሰላ፣ ለሞኖ ከ28,000 እስከ 32,000 ዙር፣ ለካታማራንና ለሃይድሮ (ውሃውን በጥቂት ነጥቦች ብቻ እየነካ ለሚሮጥ ቀፎ) እስከ 35,000 ገደማ ነው። ኬቪውን ለማግኘት የምትፈልጉትን ዙር ለባትሪው ቮልት አካፍሉ። ለ32,000 ዙር፣ በ3ኤስ (ሦስት ሴል በተከታታይ፣ 11.1 ቮልት) 2,880፤ በ4ኤስ (14.8 ቮልት) 2,160፤ በ6ኤስ (22.2 ቮልት) 1,440 ኬቪ ይመጣል። በገበያ ያለው ቁጥር ልክ እንደዚህ ላይሆን ይችላል፤ መቶ ሁለት መቶ ዝቅ ያለውን መውሰድ ይሻላል። ዙር ሲያንስ በፕሮፔለር ይካካሳል፤ ሲበዛ ግን ሙቀት ነው።

ለእኔ ጀልባ የትኛው መጠን ሞተር ይሆናል?

ሞተሩ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር መጠኑን ይነግራል። 3674 ማለት ውፍረቱ 36፣ ርዝመቱ 74 ሚሊ ሜትር ነው። ከ45 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ላለው ጀልባ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፤ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር 3660 ወይም 3674፤ ከዚያ እስከ 85 ሳንቲ ሜትር 4074 ወይም 4082፤ ከ90 በላይ ለሆነ 56 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሞተር ይመጥናል። በ3660 እና በ3674 መካከል ለምታመነቱ፣ ቦታ ካለ ረጅሙን ውሰዱ። ብረቱና መዳቡ የበዛ ሞተር ያንኑ ሥራ እየሠራ ያነሰ ይሞቃል።

ለጀማሪ አንድ የተሟላ ምርጫ ብትሰጡን?

ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፋይበር ሞኖ። 3674 ሞተር፣ ባለ አራት ፖል (አራት የማግኔት ዋልታ ያለው)፣ 2,000 ኬቪ አካባቢ። አንድ 4ኤስ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ። 120 አምፔር ኢኤስሲ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ቱቦ ያለው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ሻፍት (ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘው ዘንግ)። ፕሮፔለር ሦስት፦ 38፣ 40 እና 42 ሚሊ ሜትር። ሦስቱንም አብራችሁ ግዙ፤ ፕሮፔለር ከሌላው ዕቃ አንፃር ርካሽ ነው፤ ልምድ የሚገኘውም ከመቀያየሩ ነው።

በ3ኤስ ጥሩ የሚሄደውን ጀልባ 4ኤስ ባስገባበት ምን ይሆናል?

ፕሮፔለሩን ሳትቀይሩ ካደረጋችሁት የማቃጠል ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኃይል ከዙሩ ኩብ ጋር ያድጋል። ቮልቱ በሲሶ ሲጨምር ዙሩም በሲሶ ይጨምራል፤ 1.33 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.37 ነው። አምፔሩ ደግሞ 1.78 እጥፍ ይሆናል፤ ማለትም 60 አምፔር ይስብ የነበረው 107 ይደርሳል። ኢኤስሲው 80 አምፔር ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

ኃይሉን ወደ ነበረበት ለመመለስ የ42 ሚሊ ሜትሩ ፕሮፔለር ወደ 35 መውረድ አለበት። ትክክለኛው መንገድ ግን ቮልት ሲጨመር ኬቪውን መቀነስ ነው። ቮልት መጨመሩ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ 1,000 ዋት በ11.1 ቮልት 90 አምፔር፣ በ22.2 ቮልት 45 አምፔር ይፈልጋል። በሽቦና በሞተር ጥቅል ላይ በሙቀት የሚባክነው ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ አምፔሩ በግማሽ ሲወርድ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በገንዘባችሁ ኃይል ልትገዙ ከሆነ በአምፔር ሳይሆን በቮልት ግዙት።

ፕሮፔለር ላይ የተጻፈው «ኤክስ442» ምን ይላል?

ይህ የኦክቱራ (የፕሮፔለር አምራች) አጻጻፍ ነው። የመጀመሪያው 4 የፒች ምጣኔውን ያሳያል፣ 1.4 ማለት ነው። ቀጥለው ያሉት 42 የፕሮፔለሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ናቸው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ ምንም ሳያንሸራትት አንድ ዙር ቢዞር የሚጓዘው ርቀት ነው፤ እዚህ 42 በ1.4 ተባዝቶ 58.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ኤክስ640» ካያችሁ ስፋቱ 40፣ ምጣኔው 1.6 ነው፤ ፒቹ 64 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ ቢያንስም ጭነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ፍጥነቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። 2,000 ኬቪ በ4ኤስ 29,600 ዙር፤ ጭነት ላይ 80 በመቶው 23,680። ይህን በ0.0588 ሜትር ስታባዙ በደቂቃ 1,392 ሜትር፣ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚህ ላይ 15 በመቶ ለመንሸራተት ቀንሱ፤ 71 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ቀፎው ውሃው ላይ በደንብ ካልተነሳ ከዚህም ያንሳል።

ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ፍጥነት አይጨምርም?

እስከ አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ ዋጋው ግን ከሚታሰበው በላይ ነው። ዙሩ ካልተቀየረ የሚጠይቀው ኃይል ስፋቱ አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚመጣው ጋር ያድጋል። ከ40 ወደ 42 ሚሊ ሜትር ስትሄዱ በዓይን የማይለይ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭነቱ ግን በ28 በመቶ ይጨምራል። ከ40 ወደ 45 ከሆነ 80 በመቶ። በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አትዝለሉ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮፔለሩ እንደበዛበት ጀልባው ራሱ ይናገራል። ሲነሳ ጎትቶ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ላይ ይደክማል፤ ባትሪው አብጦ ወይም ለእጅ በማይቻል ሙቀት ይወጣል። የሞተሩ ድምፅም ከጩኸት ይልቅ ወደ ማቃሰት ያደላል። ይህን ስትሰሙ ወደ ዳር አምጡት።

ስንት አምፔር እንደሚስብ መለኪያ ሳይኖረኝ እንዴት አውቃለሁ?

ቻርጀራችሁ መለኪያ ነው። ባትሪውን ሙሉ ሞልታችሁ በሰዓት ቆጥራችሁ ልክ 2 ደቂቃ በሩጫ ዓይነት ንዱ፤ አውጡና መልሳችሁ ሙሉት። ቻርጀሩ መጨረሻ ላይ ስንት ሚሊ አምፔር ሰዓት እንደመለሰ ያሳያል። 2,000 ከመለሰ በ2 ደቂቃ 2 አምፔር ሰዓት ተበልቷል ማለት ነው፤ በ30 ሲባዛ አማካዩ 60 አምፔር ነው። 1,600 ከሆነ 48፣ 3,000 ከሆነ 90 አምፔር። ጀልባው ከመታጠፊያ ሲወጣና ከቆመበት ሲነሳ ለቅጽበት የዚህን እጥፍ ሊስብ ስለሚችል፣ አማካዩ ከኢኤስሲው አምፔር ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። 120 አምፔር ኢኤስሲ ላይ አማካይ 60 ምቹ ነው፤ 90 አደጋ ነው።

በእያንዳንዱ ፕሮፔለር ያገኛችሁትን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት፦ ፕሮፔለር፣ ደቂቃ፣ የተመለሰ ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ የሞተር ሙቀት። ከአሥር ሩጫ በኋላ ያ ገጽ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ሙቀቱ ስንት ድረስ ይፈቀዳል?

ሞተር እስከ 65 ዲግሪ፣ ኢኤስሲ እስከ 65 ወይም 70፣ ሊፖ ደግሞ ከ55 ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 60 ለሊፖ ጣሪያው ነው። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ጉልበቱን ለዘለቄታው ማጣት ስለሚጀምር «ሞቀ እንጂ ይሠራል» ብሎ መቀጠል ሞተሩን በዝግታ መግደል ነው። መለኪያ ከሌላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ አምስት ሰከንድ ይዛችሁ መቆየት ካልቻላችሁ ወደ 60 ተጠግቷል ወይም አልፏል።

አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትተዉት። ጀልባው ሲቆም የማቀዝቀዣው ውሃም ይቆማል፤ ውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። እውነተኛው ያ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ልጀምር?

በትንሹ ፕሮፔለር። መጀመሪያ 30 ሰከንድ፣ ግማሹን በቀስታ ግማሹን በሙሉ ጋዝ፤ አውጥታችሁ ሞተሩን፣ ኢኤስሲውን፣ ባትሪውንና የሽቦ ማያያዣዎቹን በእጅ ዳስሱ። ሌላው ሁሉ ለብ ብሎ አንድ ማያያዣ ብቻ ከሞቀ ብየዳው ደካማ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ 1 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 2 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀጥለው ፕሮፔለር የሚገባው።

ሁለት ክንፍ ወይስ ሦስት ክንፍ?

ለቀጥታ ፍጥነት ሁለት። ጀልባው መታጠፊያ ላይ ኋላው የሚንሸራተት ወይም የሚዘል ከሆነ ሦስት ክንፍ ውሃውን ለስለስ አድርጎ ይይዛል። ጭነቱ ስለሚጨምር ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ በሉ።

አዲስ የብረት ፕሮፔለር ገዛሁ፤ ጀልባው ከበፊቱ ይብስ ይንቀጠቀጣል። ተበላሽቶ ነው የመጣው?

አልተበላሸም፤ አልተሠራም። የቤሪሊየም መዳብ ፕሮፔለሮች ብዙውን ጊዜ ከቅርጹ እንደወጡ ይሸጣሉ፤ ጠርዛቸው ድፍን ነው፣ ሁለቱ ክንፎችም ክብደታቸው አይተካከልም። መሳልና ማመጣጠን የገዢው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ፊት ለዩ፤ ያ ፊት አይነካም። ሞረዱ የሚያርፈው በጀርባው፣ ወደ ጀልባው በሚያይበት በኩል ነው። ውሃውን ቀድሞ የሚቆርጠውን ጠርዝ ከጀርባው እየፋቃችሁ እንደ ቢላዋ ስል አድርጉት፤ ሁለቱን ክንፎች እኩል ጊዜ፣ በአንዱ አሥር ጊዜ ከሄዳችሁ በሌላውም አሥር ጊዜ። ከዚያ ፕሮፔለሩን ለቀዳዳው ልክ የሆነ ቀጥ ያለ ቀጭን ብረት ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን በሁለት ትይዩ ምላጮች ስለት ላይ አስተኙት። የሚከብደው ክንፍ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከእሱ ጀርባ፣ ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ ፋቁና እንደገና አስቀምጡት። በየትኛውም አቅጣጫ ብታስቆሙት ባለበት የሚቀር ከሆነ አልቋል። በ400 ከዚያም በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ይህን ሁሉ በውሃ እያረጠባችሁ፣ አፍንጫና አፋችሁን በጥሩ ማስክ ሸፍናችሁ ሥሩ። የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። በማሽን በደረቁ አይፋቅም፣ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥም አይሠራም፤ የተፋቀበት ወረቀትና ጨርቅ እርጥብ እንዳለ በፌስታል ታስሮ ይጣል። ይህን ማድረግ የማይመቻችሁ ከሆነ ተሠርቶ የመጣ ፕሮፔለር ግዙ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ጀምሩ፤ እስከ 4ኤስ ድረስ ለመማሪያ ይበቃል።

ባትሪው ላይ «60ሲ» ይላል። ይታመናል?

በግማሹ እመኑት። ሲ ማለት ባትሪው ከአቅሙ ስንት እጥፍ አምፔር ሊሰጥ እንደሚችል ነው። 5 አምፔር ሰዓት በ60 ሲባዛ 300 አምፔር ይሆናል፤ በርካሽ ባትሪ ላይ ይህን ሳይሞቅ የሚሰጥ አይገኝም። 150 ብላችሁ አስቡ፤ አማካይ 60 ለሚስብ ጀልባ በቂ ነው።

ከሲው ይልቅ እውነቱን የሚናገረው የውስጥ ተቃውሞው ነው፤ ብዙ ቻርጀሮች በሚሊ ኦም ያሳያሉ። እያንዳንዱ ሴል 3 ሚሊ ኦም ከሆነ የ4ኤሱ ድምር 12 ነው፤ 100 አምፔር ሲሳብ 1.2 ቮልት እዚያው ውስጥ ይጠፋል። ሴሉ አርጅቶ 8 ሲደርስ 3.2 ቮልት ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ነው። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ርቆ ከፍ ካለ ያ ባትሪ ለሩጫ አይሆንም። ያገለገለ ባትሪ ከሰው ስትገዙ ይህን ሳትለኩ ገንዘብ አታውጡ።

ስንት ደቂቃ ያስኬዳል ለሚለው፣ ከአቅሙ 80 በመቶውን ብቻ ቁጠሩ። 4 አምፔር ሰዓት በ60 አምፔር 4 ደቂቃ ነው። ከውሃ ወጥቶ ካረፈ በኋላ በሴል ከ3.7 ቮልት በታች ከተገኘ ረዝሟል። የኢኤስሲውን ማቋረጫ (ባትሪው ሲደክም ሞተሩን የሚያቆምበትን ቮልት) በሴል ከ3.2 እስከ 3.4 አድርጉት፤ ግን በእሱ አትነዱ፣ በሰዓት ንዱ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን ማያያዝ አይቻልም?

ለሩጫ አይቻልም። የላፕቶፕ ሴል ጤነኛ ሆኖ በደህና የሚሰጠው 4 ወይም 5 አምፔር ገደማ ነው። 60 አምፔር ለማግኘት 12 ጎን ለጎን፣ ለ4ኤስ ደግሞ አራት ረድፍ፣ በጠቅላላ 48 ሴል ያስፈልጋል። አንዱ 45 ግራም ይመዝናል፤ ድምሩ ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ሙሉ ጀልባው ራሱ 2 ኪሎ አካባቢ ነው! ለሪሞቱ ወይም ለመብራት ተጠቀሙባቸው። የባጃጅና የሞተር ሳይክል እርሳስ ባትሪም በክብደቱ ምክንያት ጀልባ ውስጥ አይገባም፤ ዳር ላይ ግን ይጠቅማል፤ ቀጥሎ አለ።

መብራት ሲጠፋ እንዴት ልሙላ?

አብዛኞቹ የሊፖ ቻርጀሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ። 4ኤስ 5,000 ባትሪ ሙሉ ጉልበቱ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ20 በመቶ ተነስቶ ለመሙላት፣ ከሚባክነው ጋር፣ 70 ያህል ይፈልጋል። 60 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሹ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው አራት ጊዜ ሞልታችሁ አቁሙ።

አሞላሉ በ1ሲ ይሁን፤ ለ5,000 ባትሪ 5 አምፔር። የባላንስ ሽቦው (ሴሎቹን እኩል የሚያስሞላው ቀጭኑ ሽቦ) ሁልጊዜ ይሰካ። ሊፖ ሲሞላ ሰው አጠገቡ ይኑር፤ ከሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ከሸክላ ነገር ውስጥ፣ ከምንጣፍና ከመጋረጃ ርቆ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ ቻርጀር ሥራውን ከመጀመሪያ ስለሚጠይቅ የተሞላውን የሴል ቁጥርና አምፔር ሳታዩ «ጀምር» አትበሉ። ከሳምንት በላይ የማትነዱ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡ። ሙሉ ሆኖ ለወር የከረመ ሊፖ አብጦ ይጠብቃችኋል፤ በሀዋሳ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ጨርሶ አይተው።

ከድሮን የወጣ ሞተር አለኝ። ይሠራል?

የድሮን ሞተር ውጫዊ ቆቡ ራሱ የሚዞር ዓይነት ነው፤ የውሃ ማቀዝቀዣ አይለብስም፣ ቀፎ ውስጥ የገባ ውሃም እየረጨ ይዞራል። የተለመደው 2212፣ 920 ኬቪ በ4ኤስ 13,600 ዙር ብቻ ነው የሚሰጠው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ለሚዞር ትንሽ ፕሮፔለር፣ ቀስ ብላ ለምትሄድ ጀልባ ይሆናል። ለሩጫ ግን አይሆንም።

ኢኤስሲውን ስገጥም የባትሪውን ሽቦ ላርዝመው?

አታርዝሙት። ርዝመት ካስፈለገ በሞተሩ በኩል ያሉትን ሦስት ሽቦዎች አርዝሙ። የባትሪው ሽቦ ሲረዝም በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ የቮልት ንዝረት ይፈጠራል፤ ያን ንዝረት የሚውጡት የኢኤስሲው ካፓሲተሮች ናቸው፣ እነሱም ሞቀው ይፈነዳሉ። ግድ ከሆነ በተለምዶ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር 220 ማይክሮ ፋራድ ተጨማሪ ካፓሲተር ኢኤስሲው ሥር ይበየዳል፤ ለ4ኤስ 35 ቮልት የሚችል።

ማያያዣ፣ ኤክስቲ60 ለ60፣ ኤክስቲ90 ለ90 አምፔር ነው፤ ለ4ኤስ ሩጫ 5.5 ሚሊ ሜትር ወርቅማ ማያያዣ ይመረጣል። ብየዳው ላይ የስልክ ጠጋኞች ቀጭን መበየጃ አቅም ያጥረዋል፤ 80 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው ጋ ውሰዱት። በደንብ የተበየደ ማያያዣ ያበራል፣ ስታኙም ሽቦው ውስጥ ዘልቆ ይታያል። ደብዝዞ እንደ አሸዋ ከሻከረ ቀዝቅዞ ነው የተያዘው፤ ይደገም።

ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ሽቦዎች ማንኛውንም ሁለቱን አቀያይሩ። ተጣጣፊው ሻፍት የተጠመዘዘበትን አቅጣጫ ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ሲዞር የሚጠብቅ እንጂ የሚፈታ መሆን የለበትም።

ሀዋሳ ከፍታ ላይ መሆኗ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ ግን ለኤሌክትሪክ በደግ በኩል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። የነዳጅ ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ውሃ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ የሞተርና የፕሮፔለር ምርጫ እዚህም ይሠራል። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ የመኪና ኢኤስሲ እዚህ ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ ካታማራን በሆዶቹ መካከል በሚገባው አየር ነው የሚነሳው፤ አየሩ ሲሳሳ አነሳሱ ስለሚቀንስ ባትሪውን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

የማቀዝቀዣው ውሃ ይቆምብኛል። ለምን?

ዳር ዳሩን ውሃው አልጌና ደቃቅ ደለል ይይዛል፤ የውሃ መግቢያው ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ ነው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ቱቦውን በአፍ ንፉበት፤ ሳይከብዳችሁ ካለፈ ክፍት ነው። ስትነዱ ከጎን የሚወጣውን ቀጭን የውሃ መስመር ተመልከቱ፤ ከጠፋ ወዲያው አምጡት። ውሃው መጀመሪያ ወደ ኢኤስሲው፣ ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ይሂድ፤ ቀድሞ የሚሞተው ኢኤስሲው ነውና ቀዝቃዛው ይድረሰው።

የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት ይነዳ?

ጠዋት። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ሐይቁ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና 70 ሳንቲ ሜትር ጀልባ ማዕበል ላይ ይዘላል። ፕሮፔለሩ አየር ላይ ወጥቶ ዙሩ ይፈነጠራል፤ ተመልሶ ውሃ ሲይዝ ሻፍቱ ላይ የሚያርፈው ምት ብዙ ሻፍት ሰብሯል።

የዓሣ አጥማጆች መረብ ባለበት አትንዱ። በአሞራ ገደል በኩል ያሉትን ቀድማችሁ ጠይቋቸው፤ መረባቸው የት እንደተዘረጋ ያሳዩአችኋል። ለእናንተ የተጠቀለለ ክር ሞተር ያቃጥላል፣ ለእነሱ ግን የተቀደደ መረብ የዕለት እንጀራ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር በኩል ሰው ይበዛል፤ የተሳለ የብረት ፕሮፔለር በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ጨዋታ አይደለምና ከዋናተኛና ከታንኳ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ። ጉማሬ በታየበት አካባቢ ጀልባችሁ ቢቆምም ልታመጡት አትግቡ።

ጀልባው አፍንጫውን እያነሳ ይዘላል፤ ፕሮፔለር ልቀይር?

ቆዩ፣ መጀመሪያ ሚዛኑን እዩ። የክብደቱ መሐል ከኋላ ጠርዝ 30 በመቶ ላይ ይሁን፤ ለ70 ሳንቲ ሜትር ጀልባ 21 ሳንቲ ሜትር። ባትሪውን በማንሸራተት ይስተካከላል። ፕሮፔለሩን የሚይዘው ድጋፍ ከቀፎው ሆድ ጋር ትይዩ ይሁን፣ የሻፍቱም መሐል ከሆዱ ጋር እኩል ከፍታ ላይ። አሁንም አፍንጫው ከተነሳ የድጋፉን የኋላ ጫፍ በ1 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት፤ ኋላውን ያነሳዋል፣ አፍንጫው ይወርዳል።

እግረ መንገዳችሁን ሻፍቱን እዩ። በድጋፉና ፕሮፔለሩን በሚነዳው ጥርስ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ተጣጣፊው ሻፍት ጭነት ሲበዛበት ያጥራል፣ ክፍተት ከሌለ ድጋፉን እየፈጨ ይጠብቃል፣ አምፔሩም ያለ ምክንያት ይወጣል። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ አውጥታችሁ ጠርጉት፣ ውሃ የማያጥበው ግሪስ ቀቡት።

ባትሪዎቹን ዘመድ በአውሮፕላን ማምጣት ይችላል?

በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። 4ኤስ 5,000 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም፤ 6ኤስ 5,000 ግን 111 ነው። 6ኤስ ለምትፈልጉ ሁለት ባለ 3ኤስ አስመጥታችሁ በተከታታይ ማያያዝ መፍትሔ ነው፤ ሁለቱ በአቅምም በዕድሜም አንድ ይሁኑ። እያንዳንዱ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ለብቻው ይታሸግ።

ተገልብጦ ቢሰምጥስ?

እንዳይሰምጥ አስቀድሞ ይሠራል። 1 ሊትር ፎም 1 ኪሎ ገደማ ያንሳፍፋል፤ ለ2 ኪሎ ጀልባ አፍንጫውና ጎኖቹ ውስጥ በድምሩ 2 ሊትር ጠቅጥቁ። ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ዝጉ። ቀፎው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ቀለም ይኑር፤ ተገልብጦ የሚታየው ሆዱ ስለሆነ ሆዱም ይቀባ።

ውሃ ከገባ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በትነት የሚቀረው ማዕድን ውሃውን ትንሽ ሶዳማ አድርጎታል፣ ሲደርቅም በሞተሩ ኩሽኔታና በማያያዣዎቹ ላይ ነጭ ቅሪት ይተዋል። ስለዚህ ሞተሩን በንጹሕ የታሸገ ውሃ አጥባችሁ፣ አራግፋችሁ፣ በጥላ አድርቁና ሁለቱንም ኩሽኔታ ጠብታ ቀጭን ዘይት አጠጡ። ኢኤስሲውና ተቀባዩ (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ክዳናቸው ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቁ። ውሃ የነካው ሊፖ አብጦ ወይም ሽፋኑ ተቀድዶ ከሆነ ቤት ውስጥ አይግባ፤ ደጅ ላይ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይደር።